«ላ ዲስፔራታ»፦ የአንድ ቦምብ ጣይ ስኳድሮን የጦርነት ታሪክ ከምድር ሲነበብ

መግቢያ

በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረው የኢጣልያ ጦር ውስጥ ከተሰለፉት የአየር ክፍሎች መካከል ስሙ በጋዜጣም በመጽሐፍም ከሌሎቹ ይልቅ የገነነው 15ኛው የቦምብ ጣይ ስኳድሮን ነው። ይህ ክፍል በቅጽል ስሙ «ላ ዲስፔራታ» ይባል ነበር፤ ትርጓሜውም «ተስፋ የቆረጠችው» እንደ ማለት ነው። አዛዡ የቤኒቶ ሙሶሊኒ አማች፣ የዚያን ጊዜው የፕሬስና የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ኮንት ጋሌያዞ ቺያኖ ነበር።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የስኳድሮኑን የጦርነት ታሪክ በቅደም ተከተል ማስረዳትና ከእሱም ተነሥቶ ሁለት ጥያቄዎችን መመርመር ነው። አንደኛው ጥያቄ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን በዚያ ጦርነት ውስጥ በርግጥ ምን ሠራ፣ ምንስ መሥራት አልቻለም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከአየር ላይ የተጻፈውን ታሪክ በምድር ላይ ከደረሰው ነገር ጋር እንዴት እናስተያየው የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ የታሪክ አጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የበራሪዎቹ ስም፣ ማዕረግና ሜዳልያ አንድ በአንድ ተመዝግቦ ሲቀር፣ ቦምቡ የወደቀባቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ያለ ስም አልፈዋልና።

የስኳድሮኑ አመሠራረት

«ዲስፔራታ» የሚለው ስም ከአየር ኃይል የመጣ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኢጣልያ ከተማ በፍሎሬንስ ተደራጅቶ ተቃዋሚዎችን በዱላና በጠመንጃ ያሳድድ የነበረ የፋሽስቶች ቡድን መጠሪያ ነበር። ይህን ስም ወደ አውሮፕላን ክንፍ ማሸጋገሩ የጦርነቱን ጠባይ አስቀድሞ ያመለክታል። ዘመቻው የመንግሥት ጦርነት ብቻ ሳይሆን የፓርቲው ጦርነት፣ የፋሽስት ሥርዓት ራሱን ለዓለም የሚያሳይበት መድረክ እንዲሆን ታስቦ ነበር።

የአባላቱ ዝርዝርም ይህንኑ ያጠናክራል። ቺያኖ በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. ከሮም ተነሥቶ ወደ ኤርትራ ሲሻገር የሚኒስትርነት ሥልጣኑን እንደ ያዘ ነበር። ከእርሱ ጋር የፍሎሬንሱ የፋሽስት መሪና ጸሐፊ አሌሳንድሮ ፓቮሊኒ ተሰልፎ ነበር። የሙሶሊኒ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ቪቶሪዮና ብሩኖ፣ በበኩላቸው በ14ኛው የቦምብ ጣይ ስኳድሮን ውስጥ ገብተው በዚያው በሰሜን ግንባር ይበሩ ነበር። ሁለቱ ስኳድሮኖች እንግዲህ ቦምብ የሚጥሉ ብቻ አልነበሩም፤ ስለሚጥሉት ቦምብ የሚጽፉ፣ ፎቶግራፍ የሚነሡና የሚነገርላቸው ሰዎች የተሰባሰቡባቸው ክፍሎችም ነበሩ። ጦርነቱን በሚዘግበው ሚኒስቴር ላይ የተሾመው ሰው ራሱ የሚዘገበው ተዋጊ ሆኖ መገኘቱ በዘመኑ የጦርነት ታሪክ ውስጥ ብዙ ምሳሌ የለውም።

አውሮፕላኖቹና አሠራራቸው

ስኳድሮኑ የሚበርባቸው አውሮፕላኖች ካፕሮኒ 101 የሚባሉ ሦስት ሞተር ያላቸው፣ ክንፋቸው ከላይ የሆነ ቦምብ ጣዮች ነበሩ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ሰማይ ላይ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ዘገምተኛ አውሮፕላኖች ለተዋጊ አውሮፕላን ቀላል ኢላማ በሆኑ ነበር። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ግን የሚገጥማቸው አልነበረም።

የኢትዮጵያ የአየር ክፍል የተመሠረተው በ1921 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያው ፖቴዝ አውሮፕላን ከውጭ ሲገባ ነው። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም በአገራችን የመጀመሪያ አብራሪዎች ሆነው በታሪክ ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ሲጀመር ክፍሉ የነበሩት አውሮፕላኖች አሥራ ሁለት ገደማ ሲሆኑ፣ እነዚሁም መልእክተኛ፣ መድኃኒትና ባለሥልጣን ከማመላለስ ያለፈ ሥራ ሊሠሩ የማይችሉ ነበሩ። ኢጣልያ በበኩሏ ለዘመቻው ያሰለፈችው አውሮፕላን በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ከምድር ወደ አየር የሚተኩሱ መድፎችም በኢትዮጵያ ወገን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ካፕሮኒዎቹ ዝቅ ብለው መብረር፣ ኢላማቸውን ደጋግመው መዞርና በመትረየስም ማጥቃት ይችሉ ነበር። የበራሪዎቹ ዋና ሥጋት ከገደል ጫፍና ከጫካ የሚተኮሰው የጠመንጃ ጥይት ነበር፤ ይህም ቢሆን ብዙ አውሮፕላኖችን እየበሳ መልሷል።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፦ ዓድዋ

የኢጣልያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ የመረብን ወንዝ በተሻገረበት በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935) የቺያኖ ስኳድሮንና የሙሶሊኒ ልጆች የነበሩበት ክፍል ከኤርትራ ተነሥተው ዓድዋን ደበደቡ። በዚያው ዕለት አዲግራትም ተደብድባለች።

ዓድዋ የመጀመሪያ ኢላማ ሆና የተመረጠችበትን ምክንያት ለመረዳት የጦር ስልት ዕውቀት አያስፈልግም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተሸነፈው የኢጣልያ ጦር ቂም በዚያች ከተማ ስም ታትሞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ወራሪው ማን እንደ ሆነ ለዓለም መንግሥታት ግልጽ እንዲሆን በማሰብ ሠራዊታቸው ከድንበሩ ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ አስቀድመው አዘው ነበር። ስለዚህ ቦምቡ በዋናነት የወረደው በከተማይቱ ነዋሪዎች ላይ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥትም ሴቶችና ሕፃናት መገደላቸውን ገልጾ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤቱታውን አሰማ።

በዚያ ቀን ዓድዋ ከነበሩት መካከል የኢትዮጵያን ትንሽ የአየር ክፍል እንዲመሩ የተሾሙት ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ይገኙበታል። ከቺካጎ በፈቃዳቸው መጥተው መልእክት በማድረስ ሥራ ላይ ሳሉ ነበር ድብደባው የደረሰው። ሮቢንሰን ከነጻነት በኋላም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ወጣት አብራሪዎችን አሠልጥነዋል፤ በ1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ምክንያት ሕይወታቸው ያለፈውም በአዲስ አበባ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያውን ቀን ድብደባ ከላይ ሆነው የጻፉት ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፣ ከታች ሆኖ የአየር ጦርነት ምን እንደ ሆነ በባለሙያ ዓይን የተመለከተም ሰው ነበር።

ከደሴ እስከ አሸንጌ

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ቦምብ ጣዮች በደሴ ላይ ወረዱ። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን በዚያ አድርገው ስለ ነበር፣ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ታትሟል። በዚሁ ድብደባ የቀይ መስቀል ምልክት የተደረገበት የአሜሪካ ሚስዮን ሆስፒታል ተመታ፤ በከተማይቱ የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞችም የምስክርነት ቃላቸውን ፈርመው አቅርበዋል። ታኅሣሥ 20 ቀን በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ፣ የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆረም አቅራቢያ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ሰፈር ተደብድበዋል። የደቡቡ ጥቃት የተፈጸመው ከሶማሊያ በተነሡ፣ በጄኔራል ግራዚያኒ ሥር በነበሩ አውሮፕላኖች ነው። በሁለቱም ግንባር ተመሳሳይ ነገር መድረሱ ግን ጉዳዩ የአንድ ስኳድሮን ወይም የአንድ አዛዥ ስሕተት ብቻ እንዳልነበረ ያመለክታል።

የአየር ኃይሉ ትልቁ ሥራ በከተሞች ላይ የተደረገው ድብደባ አልነበረም። በአምባ አራዶም፣ በተምቤንና በሽሬ ውጊያዎች፣ በመጨረሻም መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ፣ አውሮፕላኖቹ የሚያፈገፍገውን ሠራዊት እየተከታተሉ በጠባብ በሮችና በወንዝ መሻገሪያዎች ላይ ያጠቁ ነበር። የራስ እምሩ ጦር ከሽሬ ሲመለስ በተከዜ መሻገሪያ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ከማይጨው ሲመለስ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ የደረሰበት ጉዳት በውጊያው ሜዳ ከደረሰበት የሚተናነስ አልነበረም። ውጊያ የተሸነፈ ሠራዊት ሌላ ቀን ተሰባስቦ ሊዋጋ ይችላል፤ በማፈግፈጉ ላይ ሳለ እንዲበተን የተደረገ ሠራዊት ግን ያን ዕድል ያጣል። የቦምብ ጣዮቹ ወታደራዊ ውጤት በዋናነት ይህ ነበር።

የመርዝ ጋዝ ጉዳይ

የሰናፍጭ ጋዝ የተሞሉ ቦምቦች በሰሜን ግንባር በተከዜ አካባቢ መጣል የጀመሩት ታኅሣሥ 12 እና 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ዋነኛው መሣሪያ «ሲ 500 ቲ» የተባለው ቦምብ ሲሆን፣ በውስጡ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ የመርዝ ፈሳሽ ይይዝ ነበር። ቦምቡ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ እንዲፈነዳ ስለሚደረግ ፈሳሹ እንደ ካፊያ በሰፊ ቦታ ላይ ይወርዳል። ቆዳን ያቃጥላል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ሳንባን ይጎዳል፤ ሣሩንና ውኃውን ስለሚበክል ከብቱም እረኛውም ይጠቁበታል። በባዶ እግሩ ለሚዘምት፣ የመከላከያ ጭምብል ለሌለው ሠራዊትና ለአካባቢው ገበሬ መሸሻ አልነበረውም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ባሰሙት ንግግር ፈሳሹ ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ ይረጭ እንደ ነበር ለዓለም አስረድተዋል።

ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቫ የተፈረመውን፣ መርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀምን የሚከለክለውን ስምምነት አጽድቃ ነበር። ይህን ለማስተባበል ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ጋዙ የተጣለው በኦጋዴን ተማርኮ ለተገደለው አብራሪ ለቲቶ ሚኒቲ የበቀል ቅጣት ሆኖ ነው የሚል ነበር። የቀኖቹን ቅደም ተከተል ብቻ መመልከት ግን ይህን ምክንያት ያፈርሰዋል። ሚኒቲ የተማረከው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው፤ በተከዜ ላይ ጋዝ የተጣለው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ከዚያም በላይ ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ የጋዝ ፈቃድ በቴሌግራም የሰጠው ጥቅምት 16 ቀን፣ ማለትም አብራሪው ከመማረኩ ሁለት ወር በፊት ነበር።

የመርዙን ጥቃት በ«ዲስፔራታ» ላይ ብቻ መጫን ተገቢ አይሆንም። ጋዙ የአየር ኃይሉ አጠቃላይ መሣሪያ ነበር፤ ፈቃዱም የመጣው ከሮም ነው። ነገር ግን የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትሩ ራሱ የሚበርበት አየር ኃይል ይህን ሲፈጽም ጉዳዩ ከኢጣልያ ሕዝብ ተሰውሮ መቆየቱ፣ የስኳድሮኑን ሁለት ሥራዎች፣ ማለትም መደብደብንና መተረክን፣ ነጣጥሎ ማየት እንደማይቻል ያስረዳል።

ከአዲስ አበባ ሰማይ እስከ ስድስት ኪሎ

የስኳድሮኑ ዝነኛ በረራ የተካሄደው ሚያዝያ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ገና ወደ አዲስ አበባ በጉዞ ላይ ሳለ ቺያኖ በከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ ለማረፍ ሞከረ። ዓላማው የወታደር ሥራ አልነበረም፤ ዋና ከተማዋን ቀድሞ የረገጠ ሰው ለመባል ነው። ከምድር በተከፈተበት ተኩስ አውሮፕላኑ ተመትቶ ተመለሰ። ከተማይቱ በኢጣልያ ጦር እጅ የወደቀችው ከአምስት ቀን በኋላ ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ቺያኖ በዘመቻው የብር ሜዳልያ ተሸልሞ ወደ ሮም ተመለሰና በሰኔ ወር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ።

የአየር ኃይሉ ታሪክ ከስድስት ኪሎ ጋር የሚገናኘው ከዚህ በኋላ ነው። የዛሬው የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ፣ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በወረራው ዘመን የግራዚያኒ መቀመጫ ሆኖ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ በወረወሩ ጊዜ ከግራዚያኒ ጋር ከቆሰሉት ከፍተኛ መኮንኖች አንዱ የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ አየር ኃይል አዛዥ ጄኔራል ሊዮታ ነበር። በቦምብ ጣዮች ኃይል የተገኘው ድል ዓመት ሳይሞላው የቦምብ ጣዮቹ አዛዥ ራሱ በሁለት ወጣቶች የእጅ ቦምብ ክፉኛ ቆሰለ። ለዚህም የተሰጠው መልስ በከተማይቱ ነዋሪ ላይ ለሦስት ቀን የተካሄደው ጭፍጨፋ ነበር። በየካቲት 12 አደባባይ የቆመው ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው።

አውሮፕላኑ ያልቻለው

በወረራው አምስት ዓመታት የኢጣልያ አየር ኃይል በሸዋ፣ በጎጃም፣ በቤጌምድርና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር አርበኞችን መደብደቡን አላቋረጠም። ውጤቱ ግን ከማይጨው የተለየ ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት የአየር ድብደባን ጠባይ መመርመር ይገባል።

ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ኃይሉን የሚያገኘው ከኢላማው መሰባሰብ ነው። በ1928 ዓ.ም. የዘመተው ሠራዊት ስንቅና አጋሰስ አስከትሎ፣ በታወቀ መንገድ፣ በብዙ ሺህ ተሰብስቦ ይጓዝ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ለዘማቹ በሰጡት መመሪያ አውሮፕላን ሲመጣ እንዲበተን፣ ከሩቅ የሚታይ ነጭ ልብስ እንዳይለብስ አሳስበዋል። ይሁን እንጂ በየመኳንንቱ ዙሪያ ተሰልፎ በጅምላ ለመግጠም የለመደ ሠራዊት በጥቂት ወራት ውስጥ ልማዱን ሊለውጥ አልቻለም። አርበኛው ግን ይህን በደም ዋጋ ተማረ። በትንንሽ ቡድን ተከፋፈለ፤ ሌሊት ተጓዘ፤ ቀን በዋሻና በጫካ ዋለ፤ ስንቁን ከሕዝቡ አገኘ። እንዲህ ባለው ተዋጊ ላይ አውሮፕላን የሚያገኘው ኢላማ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ቦምቡ በመንደሩና በአዝመራው ላይ ይወርዳል። መንደሩ የተቃጠለበት ገበሬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ወደ አርበኛው ነው። ስለዚህ ያው አውሮፕላን በመጀመሪያው ጦርነት ሠራዊት ሲበትን፣ በሁለተኛው ጊዜ አርበኛን አበዛ።

የተጻፈውና ያልተጻፈው

ፓቮሊኒ «ዲስፔራታ» የተባለውን መጽሐፍ፣ ቪቶሪዮ ሙሶሊኒም በአምቦች ላይ ስላደረጋቸው በረራዎች የሚተርከውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1937 አሳተሙ። የቪቶሪዮ መጽሐፍ ሰውን ከላይ መደብደብ እንደ አደን የሚያስደስት ነገር አድርጎ በመግለጹ በዓለም ዘንድ ብዙ ወቀሳ አስከትሏል። ለታሪክ ተመራማሪ እነዚህ መጻሕፍት ዋጋ ቢስ አይደሉም። ደራሲዎቹ ሊደብቁት ያልፈለጉትን፣ ምናልባትም ሊደበቅ የሚገባው መሆኑን ያልተረዱትን፣ ይመሰክራሉ። ሆኖም ከሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ፊት አይታይም፤ በመጻሕፍቱም ውስጥ ኢትዮጵያዊው የሚታየው እንደሚሸሽ ነጥብ ብቻ ነው።

የጋዙ ጉዳይ ደግሞ የዝምታን ርዝመት ያሳያል። የታሪክ ጸሐፊው አንጄሎ ዴል ቦካ ለብዙ ዓመታት ሰነድ እየጠቀሱ ቢሞግቱም፣ ከዘማቾቹ አንዱ የነበረውን ታዋቂውን ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊን ጨምሮ ብዙዎች ሲክዱ ኖረዋል። የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከድርጊቱ ስልሳ ዓመት በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ከተጎዱት መካከል በሕይወት ተገኝቶ ይህን ቃል ሊሰማ የሚችለው ጥቂት ነበር።

የስኳድሮኑ ሰዎች ፍጻሜም ከዚሁ ጋር ሊታወስ ይገባል። ብሩኖ ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1941 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ቺያኖ አማቱን ከሥልጣን ለማውረድ ድምፅ በመስጠቱ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1944 በቬሮና በጥይት ተደበደበ፤ ይህ ቅጣት እንዲፈጸም ከተሟገቱት አንዱ የፋሽስት ፓርቲው ጸሐፊ የሆነው የቀድሞ የበረራ ጓዱ ፓቮሊኒ ነበር። ፓቮሊኒም በሚቀጥለው ዓመት ከሙሶሊኒ ጋር ሲሸሽ ተይዞ በተመሳሳይ ሁኔታ ተረሸነ። አንዳቸውም ግን በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠሩት ሥራ ለፍርድ አልቀረቡም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተገለጸው ሦስት ነጥቦችን ማጠቃለል ይቻላል። አንደኛ፣ «ላ ዲስፔራታ» በወታደራዊ ሚዛን ሲታይ ተቃዋሚ በሌለበት ሰማይ ላይ የበረረ ክፍል ነበር፤ ዝናው ከጀግንነቱ ይልቅ ከአባላቱ ሥልጣንና ብዕር የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ የአየር ኃይሉ የተሰባሰበ ሠራዊትን ለመበተን ረድቷል፤ አገር ለመግዛት ግን አልበቃም። ሦስተኛ፣ የዚህ ጦርነት የአየር ታሪክ ገና በግማሹ ነው የተጻፈው። የበረራ መዝገቦቹ፣ ቴሌግራሞቹና መጻሕፍቱ በሮም ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ቦምቡ የወደቀባቸው የዓድዋ፣ የደሴ፣ የተከዜና የአሸንጌ መንደሮች ትዝታ ግን በቤተሰብ ውስጥ በቃል ሲተላለፍ የቆየ ነው።

በዚህ ረገድ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ተጨባጭ ሥራ አለ። በበረራ መዝገብ ላይ የተጻፈን አንድ ቀንና አንድ የቦታ ስም ወስዶ በዚያ መንደር የቀሩትን የሟቾች ስሞች፣ የመቃብር ቦታዎችና የቤተ ክርስቲያን መዛግብት ማፈላለግ፣ ሁለቱን ማስረጃዎችም ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ነው። የአብራሪዎቹን ስም ስናውቅ የተገደሉትን ሰዎች ስም ሳናውቅ እስከ ኖርን ድረስ፣ የምናነበው ታሪክ ከአውሮፕላኑ መስኮት የታየው ሆኖ ይቀራል።